ኃይለኛ ጥይትና ልከኛ ሽጉጥ

የአንድ ጥይት ጉልበት ከሁለት ነገር ይመነጫል፤ ከአረሩ ክብደትና ከፍጥነቱ። ፍጥነት በስሌቱ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ፣ ትንሽ ሲጨምር ጉልበቱ ብዙ ይጨምራል። በዓለም ላይ በሰፊው የሚተኮሰው 9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጉልበቱም 490 ጁል ያህል ነው። ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የነደፈው 45 ኤሲፒ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አረር በሰከንድ 250 ሜትር ይገፋል። አረሩ ከ9 ሚሊ ሜትሩ በእጥፍ ሊከብድ ጥቂት ቢቀረውም ስለሚዘገይ፣ ጉልበቱ ከ480 ጁል ብዙም አይርቅም።

«ኃይለኛ» የሚባሉት የሽጉጥ ጥይቶች ከእነዚህ ሁለቱ በግልጽ የሚበልጡት ናቸው። 10 ሚሊ ሜትር ኦቶ መጀመሪያ በተሠራበት ልክ 13 ግራም አረር በሰከንድ 366 ሜትር ስለሚልክ 870 ጁል ይደርሳል። 44 ማግነም 1,300 ጁል አካባቢ፣ 50 ኤኢ ደግሞ 2,000 ጁል ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ጉልበቱን በነፃ አያገኝም። ዋጋው በሽጉጡ ክብደት፣ በእጀታው ውፍረት፣ በኋሊት ግፊቱ፣ በድምፁና በጥይቱ ወጪ ይከፈላል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከጥይቱ ትልቅነት ሳይሆን፣ ያ ጉልበት ለምን እንደሚያስፈልግና ተኳሹ ምን ያህሉን ሊቆጣጠር እንደሚችል ከመለየት ነው።

ሽጉጡ ግፊቱን የሚችልበት መንገድ

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ከዚያ ከተተኮሰው ጥይት ጉልበት ጥቂቱን ተጠቅሞ ባዶውን ቀለሃ ይተፋል፣ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። አስቸጋሪው ነገር ጊዜው ነው። አረሩ ከበርሜሉ ሳይወጣ መጉረሻው ከተከፈተ፣ በከፍተኛ ግፊት የታፈነው ጋዝ ቀለሃውን ሊቀድደው ይችላል። በ10 ሚሊ ሜትር ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት የከባቢ አየር ግፊት 2,500 እጥፍ ያህል ነው፤ በ45 ኤሲፒ 1,400 እጥፍ ገደማ ነው። የሽጉጥ ነዳፊዎች ይህን ግፊት አፍኖ ለማቆየት በዋናነት ሦስት መንገዶች አሏቸው።

የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው ማካሮቭ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፤ መጉረሻውን ዘግቶ የሚይዙት የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና በበርሜሉ ዙሪያ የተጠቀለለው ሞላ ብቻ ናቸው። የማካሮቭ ጥይት ጉልበት 300 ጁል አካባቢ ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። 10 ሚሊ ሜትር ጥይት በዚሁ ስልት ይተኮስ ቢባል ግን ተንሸራታቹ ከመጠን በላይ መክበድ፣ ሞላውም ሰው በእጁ ስቦ ሊያቀባብለው እስኪቸገር መጠንከር ይኖርበታል።

ሁለተኛው የብራውኒንግ መላ ነው። በርሜሉና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚህ መሐል አረሩ ወጥቶ ግፊቱ ይወርዳል። ከዚያ የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ዝቅ ብሎ ሲፈታ ተንሸራታቹ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርቡት የ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ከጠመንጃ የተወረሰ ነው። በአሜሪካው ማግነም ሪሰርችና በእስራኤል ወታደራዊ ኢንዱስትሪ ትብብር የተሠራው ዴዘርት ኢግል በርሜሉ አይንቀሳቀስም። ከመጉረሻው ፊት ካለች ትንሽ ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቦይ ሄዶ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ተሽከርካሪው መዝጊያም ጥርሶቹን ያላቅቃል። ሽጉጡ 44 ማግነምንና 50 ኤኢን የሚችለው በዚህ ነው። በልዋጩ ባዶውን 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መዳብ የለበሰውን እንጂ ራቁቱን የእርሳስ አረር አይወድም፤ የሚፋቀው እርሳስ የጋዙን ቀዳዳ ይደፍነዋልና።

10 ሚሊ ሜትር እንዴት መጣ

የ10 ሚሊ ሜትር ታሪክ ለገዢ ትልቅ ትምህርት አለው። አሜሪካዊው የተኩስ አስተማሪ ጄፍ ኩፐር ከ45ቱ ይልቅ ሩቅ የሚደርስና ጠንክሮ የሚመታ የከፊል አውቶማቲክ ጥይት ይፈልግ ነበር። ጥይቱን የስዊድኑ ኖርማ ሠራው። ሽጉጡን፣ ብሬን ቴንን፣ ዶርናውስ ኤንድ ዲክሰን የተባለ አነስተኛ የካሊፎርኒያ ድርጅት በ1983 ለገበያ አቀረበ። «ማያሚ ቫይስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ በመታየቱ ስሙ ገነነ። ነገር ግን ካዝናው በወቅቱ ሊደርስ ባለመቻሉ ብዙ ገዢዎች መሣሪያውን ያለ ካዝና ተረከቡ፤ ድርጅቱም በ1986 ከሰረ። የሽጉጥ አምራቹ ኮልት በ1987 ዴልታ ኤሊትን ባያወጣ ኖሮ ጥይቱም አብሮ ይረሳ ነበር።

ዴልታ ኤሊት በመሠረቱ ለ45 ኤሲፒ የተነደፈው፣ 1911 የተባለው ሽጉጥ ነው። አዲሱ ጥይት ሲጫንበት ድካሙ በአንድ የተወሰነ ቦታ ታየ። ተንሸራታቹን ከሚያቆመው መቀርቀሪያ በላይ ያለችው ቀጭን የአካሉ ብረት በአንዳንዶቹ ላይ መሰንጠቅ ጀመረች። ኮልት መፍትሔ ያገኘው ያችን ቀጭን ድልድይ ጨርሶ ቆርጦ በማውጣት ነው፤ ቀድሞም ሸክም የምትይዝ ስላልነበረች መሣሪያው ያለ እሷ በደኅና ሠራ። በሌላ ጥይት የተፈተነ ንድፍ ለኃይለኛ ጥይት ሲዘዋወር፣ አምራቹ የትኛውን ክፍል እንዳጠናከረ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ጥይቱን በይበልጥ ያስተዋወቀው የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ነው። በኤፕሪል 11 ቀን 1986 በማያሚ አካባቢ ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት መርማሪዎች ተገደሉ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያ ክፉኛ ተመትቶ ሳለ መተኮሱን ቀጥሎ ነበር፤ የመታው 9 ሚሊ ሜትር አረር ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። ኤፍቢአይ ከዚያ በኋላ ጥይቶችን በጄላቲን እየሞከረ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር የሚዘልቅ አረር መፈለጉን በመለኪያነት አጸደቀ፣ 10 ሚሊ ሜትርንም መረጠ። ሆኖም የመረጠው ሙሉውን ጉልበት አልነበረም። መርማሪዎቹ እንዲቆጣጠሩት ተብሎ ወደ 11.7 ግራም አረርና ወደ 290 ሜትር ፍጥነት ዝቅ እንዲል አደረገ። ይህ ሲሰላ ደግሞ 490 ጁል ይመጣል፤ ከተራው 9 ሚሊ ሜትር እኩል ማለት ነው።

የሽጉጥ አምራቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና የጥይት አምራቹ ዊንቸስተር ባሩዱ እንዲህ ከተቀነሰ በረጅሙ ቀለሃ ውስጥ ባዶ ቦታ እንደሚተርፍ አስተዋሉ። ቀለሃውን ከ25.2 ወደ 21.6 ሚሊ ሜትር አሳጥረው በ1990 መጀመሪያ 40 ኤስ ኤንድ ደብሊው የተባለውን ጥይት አወጡ። አጭሩ ጥይት የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ በሚያክል አካል ውስጥ ስለሚገባ የአሜሪካ ፖሊስ በብዛት ተቀበለው። ኤፍቢአይም በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ የአረር አሠራር ከተሻሻለ በኋላ፣ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ሙሉ ጉልበት ያለው 10 ሚሊ ሜትር ደግሞ በእርግጥ ለሚፈልጉት ቀረ፤ ለአዳኞችና አውሬ በሚበዛበት ምድረ በዳ ለሚሠሩ።

ለምን ሥራ

ኃይለኛ ሽጉጥ አግባብ የሚኖረው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ከትልቅ አውሬ መከላከያነት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ የሚዘዋወረው የዴንማርክ ባሕር ኃይል ሲሪየስ ቅኝት ቡድን ከነጭ ድብ ለመከላከል ግሎክ 20 የተባለውን የ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይይዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃ ሸርተቴ ላይ ታስሮ ሲቀር ሽጉጥ ወገብ ላይ ይቆያል፤ በዚያ ብርድም ወፍራም ጓንት ባጠለቀ እጅ ሊተኮስ ይገባዋል። በአላስካና በሮኪ ተራሮችም ዓሣ አጥማጆችና ተጓዦች በተመሳሳይ ምክንያት ይይዙታል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሲመታ የማይሰፋ፣ ጠንካራ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ አረር ነው፤ ወፍራም ጡንቻና አጥንት ዘልቆ እንዲገባ። እንዲያም ሆኖ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ድብ ያለበት አካባቢ የሚሄድን ሰው በቅድሚያ የሚመክሩት የድብ መከላከያ በርበሬ መርጫ እንዲይዝ ነው።

ሁለተኛው አደን ነው። በርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አጋዘንና ዱር አሳማ በሽጉጥ ማደንን ይፈቅዳሉ፤ ዝቅተኛውን የጥይት መጠን፣ የበርሜል ርዝመት ወይም ጉልበት የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ሦስተኛው ስፖርትና ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ 50 ኤኢ የሚጎርሰው ዴዘርት ኢግል ከሞላ ጎደል ከዚህ ውጪ ሥራ የለውም።

በከተማ ቤትን ለመጠበቅ ግን ተጨማሪው ጉልበት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የአሜሪካ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን የጂብሰም ሰሌዳ ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ራሱ ያልፈዋል፣ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ጎረቤት ቤት ሊደርስ ይችላል። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ፍንዳታም ከ140 ዴሲቤል እጅግ ስለሚያልፍ በአንድ ተኩስ ብቻ የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይበቃል።

እጅ፣ ክብደትና በርሜል

ዓላማው ከተለየ በኋላ ሽጉጡን የሚወስነው የተኳሹ መዳፍ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢበዛ 29.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ10 ሚሊ ሜትሩ 32፣ የ44 ማግነሙና የ50 ኤኢው ደግሞ 41 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ካዝናው በእጀታው ውስጥ ስለሚገባ የጥይቱ ርዝመት የእጀታው ውፍረት ይሆናል። መሣሪያው በትክክል ሲያዝ በርሜሉ ከክንዱ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ ሳለ፣ የሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ለመድረስ ሲል እጁን ወደ ጎን የሚያዞር ሰው ግፊቱን በአውራ ጣቱ ሥር ይቀበላል፣ ኢላማውንም ይስታል። ጠባብ መዳፍ ላለው ሰው ጥይት በአንድ ረድፍ የሚደረደርበት ካዝና ያለው የ1911 ዓይነት ሽጉጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የሚጎርሰው 8 ጥይት ቢሆንም እጀታው ቀጭን ነው።

የኋሊት ግፊቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የባሩዱ ጋዝ ድርሻ ቢተው እንኳ፣ 13 ግራም አረር በሰከንድ 366 ሜትር ሲወጣ 1,125 ግራም የሚመዝነውን የተሞላ ግሎክ 20 በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እጅ የሚያስቆመው ጉልበት 10 ጁል ይሆናል። 910 ግራም የሚመዝን የተሞላ ግሎክ 17 በተራ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚያሳርፈው ከ4 ጁል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ የግሎክ 20 15 ጥይቶች ከሽጉጡ የተሞላ ክብደት ሩብ ያህሉን ይይዛሉ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያው ይልቅ ይራገጣል። በሱቅ ውስጥ ባዶውን ይዞ «ቀላል ነው» ብሎ መደሰት የሚያታልለው ለዚህ ነው።

የብረት አካል ያለው ሽጉጥ ወገብ ላይ ይከብዳል፤ ሲተኮስ ግን ይረጋጋል። የፕላስቲክ አካል ያለው ቀኑን ሙሉ ሲታጠቁት ይቀላል፣ ዝገትም አያጠቃውም። በርሜሉም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ግሎክ 20 117 ሚሊ ሜትር፣ አጭሩ ግሎክ 29 96 ሚሊ ሜትር፣ ለአደን የተሠራው ግሎክ 40 ደግሞ 152 ሚሊ ሜትር በርሜል አላቸው። ኃይለኛ ጥይት ብዙና በዝግታ የሚነድ ባሩድ ስለሚይዝ፣ በርሜሉ ሲያጥር ያልተቃጠለው ባሩድ አፈሙዙ ላይ ይነድዳል። ውጤቱ የበለጠ ብልጭታ፣ የበለጠ ድምፅና የቀነሰ ፍጥነት ነው። በጣም አጭር የሆነ ኃይለኛ ሽጉጥ ተኳሹን የሙሉውን ጥይት ግፊት አሸክሞ የጉልበቱን ከፊል ብቻ ይሰጠዋል።

ጥይት፣ ሞላና ካዝና

«10 ሚሊ ሜትር» ተብለው የሚሸጡት ጥይቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዱ ፓኬት ከ40 ኤስ ኤንድ ደብሊው የማይሻል፣ ሌላው ከመጀመሪያው የኖርማ ልክ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። በፓኬቱ ላይ የሚጻፉትን የአረር ክብደትና ፍጥነት ማንበብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የአረር ክብደት በግሬን ይለካል፤ 15.4 ግሬን አንድ ግራም ነው። ፍጥነቱ በእግር ከተጻፈ በ3.28 ሲካፈል ሜትር ይሆናል። ለልምምድ ለስላሳውን፣ ለሥራው ደግሞ ጠንካራውን መግዛት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ኢላማ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ስለሚለያይ ጠንካራውም አልፎ አልፎ መተኮስ አለበት።

ሽጉጡ ከጥይቱ ጋር መስማማቱን ወለል ላይ የወደቀው ቀለሃ ይናገራል። ቀለሃው ከተኳሹ ጎን ጥቂት ሜትር ርቆ ከወደቀና ቅርጹ ካልተዛባ ሞላው ልክ ነው። ብዙ ርቆ ከተወረወረ፣ ወይም ከቂጡ በላይ በአንድ ጎን አብጦ ከተገኘ፣ ሞላው ደክሟል ወይም ጥይቱ ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው። በአንጻሩ ቀለሃው እየተንጠባጠበ እግር ሥር የሚወድቅ ወይም መውጫው ላይ የሚነከስ ከሆነ ሞላው ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ወይም ጥይቱ ደክሟል፣ ወይም ደግሞ ተኳሹ የእጅ አንጓውን አላልቷል። ሞላ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በኃይለኛ ሽጉጥ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

40 ኤስ ኤንድ ደብሊው በ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይተኮሳል የሚለው ልማድ መወገድ አለበት። ጥይቱ ስፋቱ አንድ ስለሆነ መጉረሻው ውስጥ ይገባል። ቁመቱ ግን ስለሚያንስ የቀለሃው አፍ የሚደገፍበት ጠርዝ ላይ አይደርስም፤ በቦታው የሚይዘው ቀለሃ ማውጫው መንጠቆ ብቻ ይሆናል። ርካሽ ጥይት መተኮስ የሚፈልግ ሰው ለዚያ የተሠራ ተቀያሪ በርሜል ቢገዛ ይሻለዋል።

ካዝናውን በተመለከተ የብሬን ቴን ታሪክ ይበቃል። ሽጉጥ ከመግዛት በፊት ለእሱ የሚሆን ካዝና በቀላሉና በተመጣጣኝ ዋጋ መገኘቱ ይረጋገጣል። የማኅደርና የማነጣጠሪያ መለዋወጫም እንዲሁ። ግሎክ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ሲግ ሳወር፣ ስፕሪንግፊልድ አርመሪና ኤፍኤን ዛሬ የ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ስለሚሠሩ ገዢው እንደ 1980ዎቹ የአንድ ድርጅት ዕድል ላይ አይንጠለጠልም።

ሙከራ

ከሁሉም የሚበልጠው ማረጋገጫ ተኩሱ ነው። በርካታ የአሜሪካ የተኩስ መለማመጃዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። የሚሞከረው አንድ ጥይት ሳይሆን ተከታታይ ተኩስ ነው። አምስት ጥይት በፍጥነት ተተኩሶ በ7 ሜትር ርቀት ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ የማያርፍ ከሆነ፣ ያ ሽጉጥ ለዚያ ተኳሽ በዝቷል። ተኳሹ ሳያውቅ የውሸት ጥይት በካዝናው መሐል ቢቀላቀልለት፣ ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ ወደ ታች መደፋቱ ፍርሃቱን ያጋልጣል። ይህ ፍርሃት በልምምድ ሊቀንስ ይችላል፤ ልምምድ ግን ጥይት ይፈልጋል፣ የ10 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ ከ9 ሚሊ ሜትሩ ይወደዳል። ከዚህ የተነሳ ብዙ አስተማሪዎች ተመሳሳይ አካል ባለው 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጀምሮ ወደ ላይ መውጣትን ይመርጣሉ።

አሮጌ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አካሉን በደማቅ ብርሃን ያያል፤ በተለይ መቀርቀሪያ በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያና ተንሸራታቹ ተመልሶ በሚያርፍበት ቦታ ስንጥቅ ይፈልጋል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ሊታጠቁት ያሰቡት መሣሪያ በተመረጠው ጥይት ሁለት መቶ ያህል ጊዜ ሳይነክስ መተኮስ ይኖርበታል።

ሕግና አቀማመጥ

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ ቅጽ መሙላትና የጀርባ ታሪክ ማጣራት ማለፍ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የስደት ሁኔታ ወሳኝ ነው። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ግን ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም፤ ጥሶ መገኘትም ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ቢባልም፣ የተከለከለ ነው። የክፍለ ግዛት ሕጎች በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው ልዩ የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም ትከለክላለች። በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል።

የተገዛው ሽጉጥ ቤት ሲገባ ማስቀመጫውም አብሮ መገዛት አለበት። የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ልጆችንም ሌባንም ይከላከላል፤ በቤቱ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ወይም የተጨነቀ ሰው ካለ ደግሞ መሣሪያው ጨርሶ ከቤት ቢወጣ ይመረጣል። ሣጥኑ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያው፣ መለዋወጫ ሞላውና የመጀመሪያዎቹ ወራት የልምምድ ጥይት ሲደመሩ ከሽጉጡ ዋጋ ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ በጀት ሲያዝም አብረው ይቆጠራሉ።